ቢሆንስ የሌለበት ቅዳሜ

እናትና ልጅ የኬኩን የታችኛውን ፎቅ ግራና ቀኝ ይዘው ከቤት ሲወጡ፣ እናትየው ደፉ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ዓይኗን ከኬኩ ላይ ሳታነሳ፣

«እንዳትዪው» አለቻት።

«ምኑን?»

«ልትዪው የነበረውን።»

«ምንም ልል አልነበረም። ደፍ አለ፣ እግርሽን አንሺ ልልሽ ነው እንጂ።»

«እሱ ይፈቀዳል። ‹ብትደናቀፊስ› ግን አይፈቀድም።»

እናትየው የመጣባትን ነገር ከምራቋ ጋር ዋጠችው። ኬኩ ደፉን ተሻገረ፤ ደረጃውን ወረደ፤ ከልጅቷ አክስት በውሰት በመጣችው፣ አንድ የጎረቤት ወጣት በሚነዳት አሮጌ መኪና የኋላ ወንበር ላይ በፎጣ ተደላድሎ ተቀመጠ። መካከለኛውና የላይኛው ፎቅም በየካርቶናቸው ተከተሉት።

ኬክ ሠሪዋን እናት ሰፈሩ «እትዬ ቢሆንስ» ይላታል። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያየችው «ቢዘንብስ» ትላለች። ልጇ አንዴ ካስነጠሰች «ሳንባ ምች ቢሆንስ»። ስልክ ከጮኸ መጀመሪያ የምታስበው ማን እንደ ደወለ ሳይሆን ማን እንደ ሞተ ነው። ጎረቤቶቿ ይስቁባታል፤ ዝናብ በመጣ ጊዜ ግን ጃንጥላ የሚዋሱት ከእሷው ነው።

አመሉ ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እሱ መንገድ በወጣ ቁጥር እሷ ቤቷ ቁጭ ብላ በሐሳቧ መኪናውን ስትገለብጥ፣ ፍሬኑን ስትበጥስ፣ ድልድዩን ስታፈርስ ትሰነብታለች። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ በሰላም ይመለሳል። «ስለፈራሁልህ ነው» ትለዋለች፤ ይስቃል። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ ሳይነሳ ቀረ። አልጋን ፈርታ አታውቅም ነበር። ሰው አልጋው ላይ ምን ያገኘዋል ብላ ትፍራ? ከዚያ ወዲህ ግን ሳትፈራው የምታልፈው ነገር እንዳይኖር ለራሷ ቃል ገባች። ልጇን ያሳደገችው በእጇ ብቻ አይደለም፣ በሥጋቷም ጭምር ነው።

‹ቢሆንስ› የመተዉን ነገር ያነሳችው ታናሽ እህቷ፣ የልጅቷ አክስት ነበረች። ፀጉር ቤት አላት፤ ወሬም ፍልስፍናም ከደንበኞቿ ጋር አብሮ ይገባላታል። ሰሞኑን ደግሞ ስልኳ ላይ አንድ ተናጋሪ ስትሰማ ከርማ፣ ኬክ ሠሪዋ ቤት መጥታ የምድጃውን ሙቀት ተጠግታ ተቀመጠችና ጀመረች።

«ሐሳብ ማግኔት ነው እታለም። ክፉ ስታስቢ ክፉውን ነው የምትስቢው። የድሮ ሰዎችም እኮ ብለውታል፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።»

«እነዚያው የድሮ ሰዎች ያልጠረጠረ ተመነጠረም ብለዋል።»

«ፍሪጅሽ መቼ ነው የተበላሸው? ‹ቢበላሽስ› ባልሽ ማግስት አይደለም?»

«በየቀኑ ነው የምለው። መቼም ይበላሽ መቼ፣ ባልኩ ማግስት መሆኑ አይቀርም።»

ልጅቷ ከጥግ ሆና ሳቀች። አክስትየው ግን አልሳቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህ ሁሉ የምትጠሪው መዓት የት የሚያርፍ ይመስልሻል? አንቺ ላይ እንዳይመስልሽ። እቺ ልጅ ላይ ነው» አለች።

ይህች ቃል ገብታ ቀረች። ኬክ ሠሪዋ ክሬም የነካ እጇን በሽርጧ ደጋግማ ጠረገች።

«እንሞክረዋ» አለች ልጅቷ። «ክርክር ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ሙሉ ‹ቢሆንስ› የለም። ክፉ ሐሳብ የለም። ቀኑ ካማረ አክስቴ አሸነፈች። ካላማረ ይህ የማግኔት ወሬ ሁለተኛ እዚህ ቤት አይነሳም።»

«ተስማምቻለሁ» አለች አክስትየው። «ግን የሚያስፈራት ቀን ይሁን። ቅዳሜ።»

ቅዳሜ የሠርጉ ቀን ነበር። አንድ ትልቅ የሠርግ አዳራሽ ከድሮው ኬክ ሠሪው ጋር ተጣልቶ፣ ኃላፊው ቤቷ በምትሠራ ሴት ሊሞክር ፈቅዶ ነበር። ይህ ኬክ ካማረ የአዳራሹ ሠርግ ሁሉ የእሷ ይሆናል፤ ካላማረ እንደ ወትሮዋ የሰፈር ልደት ትጠብቃለች። ምድጃውም ፍሪጁም አልጋቸውም ያለው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት የምትሄደው ቫኒላ እየሸተተች ነው፤ ጓደኞቿ «ብስኩት» ይሏታል። አዳራሹ ከተገኘ ግን መንገድ ዳር ያለችውን ባዶ ሱቅ መከራየት፣ ምድጃውን ወደዚያ መውሰድ፣ ክፍሉን ለሰው ብቻ መተው ይቻላል። ኬክ ሠሪዋ ይህን ሁሉ ታውቃለች። እንደዚህ ባለ ቀን ላይ እንዴት ሳትፈራ ትዋል? የእህቷ ቃል ግን አልለቅ አላት። እውነት ከሆነስ? እምቢ ለማለት እንኳ የከለከላት ያው የራሷ «ቢሆንስ» ነበር።

እናም ቅዳሜ ጠዋት እያንጎራጎረች ሠራች። መጠባበቂያ ክሬም፣ ትርፍ ቢላ፣ መቀስና ፋሻ ሳይቀር የሚይዘው «የክፉ ቀን ዘንቢል» በልጅቷ ትእዛዝ ከበሩ ኋላ ቀረ። አሁን መኪናዋ ውስጥ ከኬኩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ካርቶኖቹን በሁለት እጇ አቅፋ፣ መልካም ሐሳብ ትፈልጋለች። መፈለጉ ቀላል አልሆነላትም። ለክፉው ሐሳብ ዝግጁ ነች፤ ለመልካሙ ግን ከየት እንደሚጀመር እንኳ አታውቅም። «ኬኩ በሰላም ይደርሳል» አለች በልቧ። ወዲያው ሌላ ድምፅ «ሳይደርስ...» ሊል ሲል፣ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ስለ አየሩ ማውራት ጀመረች።

ቀኑ ደግሞ ሆን ብሎ የተባበረ ይመስል ነበር። መብራቶቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ እየሆኑ ተቀበሏቸው። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ የሚያስቆመው የትራፊክ ፖሊስ ኬኩን በመስኮት ሲያይ ሌሎቹን አግዶ እነሱን አሳለፈ። አዳራሹ በር ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ክፍት ቦታ ተገኘ። ሊፍቱ ይሠራል።

«እንቅፋት የሌለበት ቀን» አለች ልጅቷ። «አክስቴ ልታሸንፍ ነው መሰለኝ።»

«እኔ ምንም አላልኩም» አለች እናትየው። ግን ፈገግ ብላ ነበር።

የአዳራሹ ኃላፊ ቀጭን፣ ቁልፉን እያንቃጨለ የሚሄድ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ኬኩን ከካርቶኑ ሲወጣ አየው፤ «ህም» አለ፤ ሙሽሮቹ ለመድረስ እንደ ቀረቡ ነግሯቸው ወጣ። እነሱም የታችኛውን ፎቅ ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ፤ መካከለኛውን ጫኑ፤ የላይኛውን አስቀመጡ። ነጭ ነው፤ ጎኑን ከክሬም የተሠሩ ቀጫጭን ቅጠሎች ይወጡታል። ኬክ ሠሪዋ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደች። በሥራ ዘመኗ ሁሉ የራሷን ኬክ ስታይ ጉድለቱን ነበር የምትፈልገው። ዛሬ ግን «ያምራል» አለች፤ ራሷም ድምፅዋ ገረማት።

ያኔ ነው መስመሯን ያየችው። በታችኛው ፎቅ ፊት ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች። ፀጉር መስሏት ልታነሳት እጇን ዘረጋች። መስመሯ ግን ወረደች፤ ሰፋች። መካከለኛው ፎቅ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ።



ኬክ ሠሪዋ የምትሠራው በፍርሃቷ እየተመራች ነው። ጽፋ የያዘችው ቅደም ተከተል የላትም። «ቢጓጉልስ» ስትል ዱቄቱን ደግማ ትነፋለች፤ «ቢያርርስ» ስትል ምድጃውን ትከፍታለች፤ «ቢሰምጥስ» ስትል ደግሞ የታችኛውን ፎቅ ሆድ ውስጥ፣ የላይኛውን ክብደት የሚሸከሙ ቀጫጭን እንጨቶች ትተክላለች። «ምሰሶ» ትላቸዋለች። ዛሬ «ቢሰምጥስ» አላለችም። እያንጎራጎረች ነበር። ምሰሶዎቹም ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ ናቸው።

«እማዬ» አለች ልጅቷ፤ ፊቷ እንደ ክሬሙ ነጥቶ። «ምሰሶ አድርገሻል አይደል?»

«አላደረግኩም።»

ልጅቷ ኬኩን አየች፣ በሩን አየች፣ እናቷን አየች። «በቃ፣ ሙከራው ተቋርጧል። እንደፈለግሽ አስቢ።»

እናትየው ግን ማሰብ አላስፈለጋትም። ልጇ የጠበቀችው ለቅሶ ነበር፤ እሷም ራሷ የጠበቀችው ይህንኑ ነው። የመጣው ሌላ ነገር ሆነ። ይህን ጥፋት ታውቀዋለች። የቆየ ጎረቤቷ ነው። አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስንት ኬክ አስምጣለች፣ ስንቱን ከደረጃ ላይ ጥላለች፣ ስንቱን በፀሐይ አቅልጣለች። ጥላ ግን ትታው አታውቅም፤ ኬኩ ካልተነሳ እንቅልፍ አይወስዳትም። እያንዳንዱን በሐሳቧ ስታነሳና ስትጠግን ኖራለች። አሁን እጆቿ ከእሷ ቀድመው ሽርጧን አሰሩ።

«በሩን ገርበብ አድርጊው። ነይ፣ የላይኛውን ያዢ። ከሥሩ። አትተንፍሺ አላልኩሽም፣ ተንፍሺ።»

የላይኛውን አወረዱ፤ መካከለኛውንም። የታችኛው ፎቅ መሐሉ ጎድጉዶ፣ ፊቱ ተሰንጥቆ ቀረ። አንዲት የአዳራሹ አስተናጋጅ ብርጭቆ ልትደረድር ገብታ ክው ብላ ቆመች።

«እህቴ» አለቻት ኬክ ሠሪዋ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ወፍራም ስትሮ አላችሁ?»

«ጭማቂ የምንጠጣበት አለ። ጠማሽ እንዴ?»

«ለኬኩ ነው። እፍኝ ሙሉ አምጪልኝ፤ መቀስና የፈላ ውሃም። ቂቤ መቀቢያ ቢላ ካለም እሱን።»

አስተናጋጇ የሠርግ ቤት ሰው ናት፤ ምንም አትጠይቅም። ሮጣ ወጥታ ሮጣ ተመለሰች። ኬክ ሠሪዋ አንድ ስትሮ ወደ ኬኩ እስከ ታች ሰደደች፤ ከላይ የተረፈውን በጥፍሯ ምልክት አድርጋ አወጣች፤ በዚያ ልክ ሌሎቹን ቆረጠች። ከዚያ መካከለኛው ፎቅ በሚያርፍበት ቦታ ዙሪያውን ተከለቻቸው። ክብደት በመሸከም ከእንጨት አያንሱም፤ ቀጥ ብለው ከቆሙ ከባድ ኬክ ይችላሉ። ይህን ያወቀችው አንድ ሌሊት እንጨት ባይገኝስ ብላ ስትጨነቅ አድራ፣ ጠዋት ተነስታ ሞክራው ነው።

ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ እጇ ባዶ ስላልነበረ በክርኗ ነክታ ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ ከፈተችው።

«እታለም፣ እያሰብሽ ነው?» አለች አክስትየው።

«እያሰብኩ ነው።»

«ምን ምን እያሰብሽ ነው?»

«ስትሮ።»

«ስትሮ ምን ያደርግልሻል?»

«እህቴ፣ ኋላ ደውዪ።»

ሁለቱ ፎቆች ተመልሰው ተቀመጡ። አልተንቀሳቀሱም። የቀረው የተሰነጠቀው ፊት ነበር።

«ክሬም የለንም» አለች ልጅቷ። «ዘንቢሉን ተዪው ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ክሬምማ አለ። ኬክ ጀርባ አለው አይደል?»

ከጀርባው፣ ሰው ከማያየው በኩል፣ ክሬሙን በቢላው ገፈፈች። ስንጥቁን ሞላች። ቢላውን የፈላ ውሃ ውስጥ እየነከረች ፊቱን አለሰለሰችው። ሁለት ቅጠል ከኋላ ነቅላ ከፊት ተከለች፤ የስንጥቁ መንገድ ላይ። መስመሯ የት እንደነበረች ከእሷ በቀር ማንም ሊያሳይ አይችልም። ልጅቷ እያየቻት ነበር። እናቷን ፈሪ ብላ የምታውቃት ልጅ፣ የእናቷ ጣት አንዴም ሳይንቀጠቀጥ ሲሠራ አየች።

«እማዬ፣ ጠርጥር ከገንፎም መሐል ይኖራል ስንጥር ይባል የለ? የእኛ ኬክ ስንጥሩ ጠፍቶበት ነው ጉድ የሆነው።»

«ዝም በይ፣ ታስቂኛለሽ። እጄ ይነካል።»

የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። ኃላፊው ገብቶ ቢላውን፣ የተቆራረጠውን ስትሮ፣ ኬኩን በየተራ አየ።

«ችግር አለ?»

ኬክ ሠሪዋ ቀና አለች። «ነበረ። አሁን የለም።»

ኃላፊው ኬኩን ዞረው። ከኋላ ሲደርስ ቆመ። «ጀርባው ራቁቱን ነው።»

«ሙሽሮቹ የሚቆሙት ከፊት ነው። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ያስጠጉልኝ።»

ትእዛዝ መስጠት የለመደ ሰው ሲታዘዝ ትንሽ ይደናገራል። ኃላፊው ጥቂት አመነታና ጠረጴዛውን በገዛ እጁ ገፋው። የጠረጴዛው እግር ወለሉ ላይ ያዝ አድርጎት ነጠር አለ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ኬኩ እንደ ቤት ቆሟል።

ሙሽሮቹ መጡ። ሙዚቃው፣ ጭብጨባው፣ ካሜራው ተከተለ። ኬክ ሠሪዋ መጋረጃው አጠገብ ቆማ አየች። ቢላው ሲገባ ኬኩ እሺ ብሎ ተቆረጠ፤ አልዘመመም። የሙሽራዋ እናት የጎረሰችውን ሳትውጥ ለአጠገቧ ሰው «ቅመሱት እስቲ» ስትል ሰማች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

እዚያው ቆማ ሳለ ባሏ ትዝ አላት። ዛሬ መልካም አስባ ኬኩ ሰመጠ። ለስንት ዓመት ክፉ አስባ ደግሞ ኬኮቿ ሁሉ በሰላም ደርሰዋል። እንግዲህ ሐሳቧ ወዲያ የሚስበው፣ ወዲህም የሚመልሰው ነገር የለም ማለት ነው። ያን አልጋ በየቀኑ ፈርታው ቢሆን ኖሮም ያ ከሰዓት ያው ከሰዓት ይሆን ነበር። ይህን ከዚህ በፊት ማንም አልነገራትም፤ ቢነግራትም አትሰማም ነበር። አሁን ግን የሆነ ከባድ ነገር ከትከሻዋ ተንሸራቶ ሲወርድ ተሰማት፤ መጋረጃውን ያዝ አድርጋ በረዥሙ ተነፈሰች።

ኮሪደሩ ላይ አክስትየው ደግማ ደወለች። ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻት።

«አላልኳችሁም? ሠራ» አለች አክስትየው።

«አክስቴ፣ ኬኩ ሰምጦ ነበር እያልኩሽ።»

«ግን ተነሳ። መልካም ስላሰበች ነው የተነሳው።»

«ክፉውን ስላላሰበች ነው የሰመጠው።»

«ታዲያ ዳኛዋ አንቺ አይደለሽ? ማን አሸነፈ?»

ልጅቷ እናቷን አየቻት። እናትየው ሽርጧን እየፈታች፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ «የማግኔቱ ወሬ ይነሳ አይነሳ አንቺ እንደፈለግሽ» አለች። «እኔ ግን ከእንግዲህ በፍርሃቴ ኬክ እሠራበታለሁ እንጂ ልጅ አላሳድግበትም።»

አክስትየው «ደንበኛ መጣብኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ኃላፊው አፉን በናፕኪን እየጠረገ መጣ። «እርስዎን ነበር የምፈልገው» አለ። «የፊተኛው ኬክ ሠሪ ኬኩ ሲዘም ስልኩን አጥፍቶ ነው የጠፋው። እርስዎ ጠረጴዛ አስገፉኝ። ከዚህ በኋላ የአዳራሹ ኬክ ሁሉ በእርስዎ ይሁን።»

ኬክ ሠሪዋ አፏን ከፈተች። «አይሆንም» ቢላት የምትመልሰውን ከሳምንት ጀምሮ አዘጋጅታ ነበር፤ «ግድ የለም፣ ስለሞከሩኝ አመሰግናለሁ» ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ ልጇ ሳታይ መኪናው ውስጥ ልታለቅስ። ለ«ይሁን» ግን ያሰናዳችው አንድም ቃል የለም። ልጅቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«እሺ» አለች። ቃሉ አጭር ሆነባት፤ ደገመችው። «እሺ፣ ይሁን።»

«የሚቀጥለው ቅዳሜ መንታ ሴት ልጆቹን በአንድ ቀን የሚድር አባት አለ። ባለ ሦስት ፎቅ ብሏል፤ እንደ ዛሬው።»

ልጅቷ የእናቷን ፊት ጠበቀች። «ቢበዛብኝስ» እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበረች። እናትየው ግን አዳራሹን በገርበብታው በር አሻግራ እያየች ነበር፤ ጠረጴዛውን፣ ከፍታውን፣ ጣሪያውን። ከሦስት ፎቅ በላይ ሠርታ አታውቅም፤ ባለ አራት ፎቅ ሐሳቧ ውስጥ እንኳ ጥላ አታውቅም፤ ቢወድቅ እንዴት እንደሚነሳም አታውቅም።

«ለሁለት ሙሽራ ሦስት ያንሳል» አለች። «አራት ይሁን።»